ከተረፈው ፈሳሽ ሁለት ማዕድናት ያወጣው ሐኪም፤ የዊልያም ዎላስተን የሕይወት ታሪክ

ጠላ የጠመቀች ባልቴት ጠላውን ካጠለለች በኋላ አተላውን ለከብት ትሰጣለች እንጂ፥ ከዚህ ውስጥ ሌላ መጠጥ ይወጣ ይሆን ብላ ቁጭ ብላ አትመረምረውም። የብረታ ብረት ሊቃውንትም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ያደርጉ ነበር። የፈለጉትን ማዕድን ከፈሳሹ ካወጡ በኋላ የቀረውን ወደ ቦይ ይደፉት ነበር። ዛሬ ታሪኩን የምንጽፍለት ሰው ግን የተረፈውን ፈሳሽ አልደፋም፤ በጥንቃቄ አስቀምጦ በመመርመር ከእርሱ በፊት ማንም የማያውቃቸውን ሁለት የከበሩ ማዕድናት ከውስጡ አወጣ። ይህ ሰው ዊልያም ሃይድ ዎላስተን ይባላል። እኛ የዘንድሮ ተመራቂ ተማሪዎች እርሱን የመረጥንበት ምክንያት፥ በአንድ በኩል ስሙ በትምህርት ቤት መጻሕፍት እምብዛም ስለማይነሣ ነው፤ በሌላ በኩል ደግሞ በሕይወቱ ውስጥ እኛን እርስ በርሳችን አጥብቆ ያከራከረን አንድ ነገር ስላለ ነው። ይህንንም በቦታው እንናገራለን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲረዱልን እናሳስባለን።

ዎላስተን በ1766 ዓ.ም. ኦገስት 6 ቀን በእንግሊዝ አገር፥ በኖርፎክ አውራጃ ኢስት ዴረም በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ፍራንሲስ ዎላስተን ቄስ ሲሆን፥ ከቅስናው ሥራ ሌላ የከዋክብትን አካሄድ መመርመር የሚወድ ሰው ነበር። ቤቱ ልጆች የበዙበት ቤት ነበር፤ ወንዶቹና ሴቶቹ ሲቈጠሩ 17 ይሆናሉ። ዊልያም በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በኪዝ ኮሌጅ ሕክምና ተምሮ በ1793 ዶክተር ተባለ፤ በዚያው ዓመትም ሮያል ሶሳይቲ ለተባለው ታላቅ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆኖ ተመረጠ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ገና 26 ዓመት ነበር።

ከዚህ በኋላ በመጀመሪያ በሃንቲንግደን፥ ቀጥሎ በበሪ ሴንት ኤድመንድስ፥ ከ1797 ጀምሮ ደግሞ በለንደን ሕክምና ሠራ። ይሁን እንጂ ሐኪምነቱ ሰላም አልሰጠውም። በሽተኛው ሲጨነቅ እርሱም አብሮ የሚጨነቅ፥ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ስለ በሽተኞቹ የሚያስብ ሰው ነበር። ስለዚህ በ1800 ሕክምናውን ፈጽሞ ተወው። የተከበረ ሙያ በ34 ዓመት ዕድሜ መተው በዘመኑ ለነበሩ ሰዎች እንደ እብደት ሳይታይ አልቀረም። እኛም ወላጆቻችን ሐኪም እንድንሆንላቸው የሚመኙልን ልጆች ስለ ሆንን፥ ይህን ስናነብ አንዳንዶቻችን ሳቅ ብለናል፤ አንዳንዶቻችን ግን ዝም ብለናል።

እንጀራውን ለማግኘት የመረጠው መንገድ ፕላቲነም ነበር። ፕላቲነም ብር የሚመስል፥ ከወርቅ ይልቅ የሚከብድ፥ የማይዝግና ተራ አሲድ የማይነካው ማዕድን ነው። በዚያን ጊዜ የሚገኘው ዛሬ ኮሎምቢያ በምትባለውና ያን ጊዜ በእስፓኝ መንግሥት ሥር በነበረችው አገር፥ በወንዝ አሸዋ ውስጥ ነበር። ወደ እንግሊዝም የሚመጣው በጃማይካ በኩል በስውር እየተጫነ ነበር። (በእኛም አገር በወለጋ በዩብዶ ይኸው ማዕድን እንደሚገኝ የጂኦግራፊ መምህራን ያስተምራሉ።) ችግሩ ግን ፕላቲነም ለመቅለጥ 1768 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት የሚፈልግ መሆኑ ነው። በዚያ ዘመን ይህን ያህል የሚያግል ምድጃ አልነበረም። ስለዚህ አሸዋው በርካሽ ቢገኝም፥ አንጥረኛ ሊሠራበት የሚችል ጥሩ ፕላቲነም ግን የሚያቀርብ ሰው ጥቂት ነበር።

ዎላስተን ከካምብሪጅ ወዳጁ ከስሚትሰን ቴናንት ጋር በሽርክና ገብቶ፥ በ1800 መጨረሻ ላይ፥ በአውሮፓውያን የገና ዋዜማ ዕለት፥ 5959 አውንስ ጥሬ ፕላቲነም በ795 ፓውንድ ገዙ። አንድ አውንስ ከአገራችን ወቄት ጥቂት ይበልጣል፤ ሁሉም ሲደመር 185 ኪሎ ያህል ነው። ገንዘባቸውን በጆንያ አሸዋ ላይ ካፈሰሱ በኋላ ሥራውን ተከፋፈሉ። ቴናንት አሲድ የማያሟሟውን ጥቁር ዱቄት ያዘ፤ ዎላስተን ደግሞ የሟሟውን ፈሳሽ ያዘ።

አሠራሩን ባጭሩ እንግለጽ። ጥሬው ፕላቲነም የሚሟሟው አኳ ሬጂያ በሚባለው፥ ትርጓሜው የንጉሥ ውሃ በሆነው ድብልቅ ነው፤ ይኸውም ናይትሪክ አሲድና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው። ወርቅንም የሚያሟሟ ይህ ነው። በተገኘው ፈሳሽ ላይ አሞኒየም ክሎራይድ የተባለው ጨው ሲጨመርበት ፕላቲነሙ ቢጫ ዝቃጭ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል። ዝቃጩ ተጠልሎ በእሳት ሲግል፥ ሌላው ሁሉ በኖ ይሄድና እንደ ሰፍነግ ባለ ቀዳዳ የተሞላ ፕላቲነም ይቀራል። እስከዚህ ድረስ ሌሎችም ያውቁት ነበር። በላይ የቀረው ፈሳሽ ግን ቀለሙ ገና የጠቈረ ስለ ነበር፥ ዎላስተን የብረት ዘንግ አስገባበት። ብረቱ እየተበላ ሲሄድ በፈሳሹ ውስጥ ተሰውረው የነበሩት ማዕድናት በፈንታው ጥቁር ዱቄት ሆነው ወጡ። ይህን ዱቄት ደግሞ መልሶ ሲመረምር ከውስጡ ከፊሉ እንደ ፕላቲነም አልሆነለትም፤ ፕላቲነም እሺ የማይለውን ናይትሪክ አሲድ ይህ እሺ አለ። ወርቅ አይደለም፤ ብርም አይደለም። በ1802 ከዚህ ውስጥ ነጭ አዲስ ማዕድን አጥርቶ አወጣና፥ በዚያው ዓመት በሰማይ በተገኘችው ፓላስ በምትባል ትንሽ ፕላኔት ስም ፓላዲየም ብሎ ሰየመው።

አሁን ወደ ተከራከርንበት ነገር ደረስን።

አዲስ ማዕድን ያገኘ ሊቅ እንደ ደንቡ ግኝቱን በማኅበሩ ፊት ያነባል፤ ስሙም ይመዘገባል። ዎላስተን ግን እንዲህ አላደረገም። በኤፕሪል 1803 በለንደን ሶሆ በተባለው ሰፈር በአንዲት ሴት ሱቅ ፓላዲየም የሚባል አዲስ ብር እንደሚሸጥ የሚናገር ትንሽ የታተመ ወረቀት ለሊቃውንቱ ደረሳቸው። በወረቀቱ ላይ የማዕድኑ ጠባይ በትክክል ተዘርዝሯል፤ የሠራው ሰው ስም ግን የለም። ሪቻርድ ቼኔቪክስ የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ ኬሚስት ይህ ነገር ማታለያ ይሆናል ብሎ ስለ ጠረጠረ፥ በሱቁ የነበረውን ሁሉ ገዝቶ ብዙ ሙከራ አደረገበት። በግንቦት ወር ለሮያል ሶሳይቲ በቀረበው ጽሑፉም ፓላዲየም አዲስ ማዕድን ሳይሆን የፕላቲነምና የሜርኩሪ ቅልቅል ነው፤ እኔም ራሴ ሠርቼዋለሁ በማለት አስታወቀ። በዚያው ዓመትም ኮፕሊ የተባለውን የማኅበሩን ታላቅ ሜዳይ ተሸለመ።

ዎላስተን የማኅበሩ አባል ሆኖ ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን አፉን አልከፈተም። ይልቁንም በ1803 መጨረሻ ስሙን ሳይገልጥ በአንድ የሳይንስ መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አወጣ፤ በዳኞች ፊት ፓላዲየምን ከሌሎች ማዕድናት ቀላቅሎ ሊሠራ ለሚችል ሰው 20 ፓውንድ እንደሚሰጥ የሚገልጽ ነበር። ገንዘቡን ሊወስድ የመጣ ሰው የለም። በጀርመንና በፈረንሳይ ያሉ ሊቃውንትም የቼኔቪክስን ሙከራ ደጋግመው አልሳካ አላቸው። በመጨረሻ በ1805 ዎላስተን ፓላዲየሙን ያገኘሁት እኔ ነኝ ብሎ ገለጠ፤ እንዴት እንዳወጣውም አስረዳ። ቼኔቪክስ ብዙም ሳይቆይ ኬሚስትሪን እየተወ ወደ ድርሰት ሥራ ዞረ።

ከመካከላችን አንዱ ወገን፥ ዎላስተን ገንዘቡን ሁሉ ያፈሰሰ ነጋዴ ነውና የሥራውን ምሥጢር መጠበቁ ተገቢ ነው ይላል። ስለ ተረፈው ፈሳሽ አንድ ቃል ቢናገር ሌሎች የፕላቲነም ሠሪዎች ወዲያው በነቁ ነበር። ይህ እውነት ነው። የብዙዎቻችን አሳብ ግን ሌላ ነው። ምሥጢር መያዝ አንድ ነገር ነው፤ ባልንጀራ በአደባባይ ሲሳሳት እያዩ ሁለት ዓመት ዝም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ቼኔቪክስ ችኩል እንደ ነበረ አይካድም፤ ያላገኘውን አገኘሁ ማለቱም የራሱ ጥፋት ነው። ቢሆንም በደብዳቤ ተጠርቶ ለብቻው ቢነገረው ኖሮ ከዚያ ሁሉ ኀፍረት በዳነ ነበር። ሳይንስ የሚቆመው አንዱ የሌላውን ቃል በማመን ነው፤ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በሱቅ የሚሸጠውን ነገር ሊቃውንቱ ቢጠራጠሩ አይፈረድባቸውም። ዎላስተንን እጅግ እናደንቀዋለን፤ በዚህ ነገር ግን አናመሰግነውም።

ስለ ሁለተኛው ማዕድን ሲሆን ግን ዎላስተን እንዲህ አላመነታም። ያንኑ የተረፈ ፈሳሽ እየመረመረ ሳለ፥ የገበታ ጨው ጨምሮበት በእሳት አደረቀው፤ ከዚያም በአልኮል አጠበው። የፕላቲነሙና የፓላዲየሙ ጨው ከአልኮሉ ጋር ሲሄድ ጽጌረዳ የመሰለ ቀይ ጨው ከሥር ቀረ። ከዚህ ያወጣውን ማዕድን በግሪክ ቋንቋ ጽጌረዳ ከሚለው ቃል ወስዶ ሮድየም አለው፤ በ1804ም በስሙ ለማኅበሩ አስታወቀ። ቴናንትም በዚያው ዓመት ከጥቁሩ ዱቄት ኦስሚየምንና ኢሪዲየምን ማግኘቱን ገለጠ። እንግዲህ ሁለት ወዳጆች ከአንድ አሸዋ አራት አዲስ ማዕድናት አወጡ ማለት ነው። ቴናንት በ1815 በፈረንሳይ አገር በቡሎኝ አጠገብ በፈረስ ሲሻገር ድልድይ ተደርምሶበት ሞተ።

ዎላስተን ያን ጊዜ የሠራው ሥራ ዛሬም አልተቋረጠም፤ ስለዚህ ታሪኩን ጥቂት አቆም አድርገን ይህን ብንናገር አንባቢ አይቀየመንም ብለን እናምናለን። አሜሪካ ውስጥ ከ1975 ጀምሮ በአዳዲስ አውቶሞቢሎች የጭስ መውጫ ላይ መርዛማውን ጭስ የሚያጣራ ዕቃ መግባት ጀመረ፤ በዚህ ዕቃ ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ፕላቲነም፥ ፓላዲየምና ሮድየም ናቸው። ዕቃው ሲያረጅ ማዕድናቱ በአሲድ ይሟሟሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ችግር የዎላስተን ችግር ነው፤ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ የተደባለቁትን እንዴት እንለያቸው የሚል ነው። ለዚህ ከሚመረመሩት አዳዲስ ዘዴዎች አንዱ አዮኒክ ሊኩዊድ ይባላል፤ ይህም ሙሉ በሙሉ ከአዮኖች የተሠራ ፈሳሽ ማለት ነው። የገበታ ጨው ለመቅለጥ 801 ዲግሪ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም አዮኖቹ እንደ ተጠረበ ድንጋይ ተስተካክለው አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራሉ። አንደኛው አዮን ትልቅና ቅርጹ የተዛባ ቢሆን ግን መደርደሩ እምቢ ይላል፤ ጨውም ሆኖ ሳለ ሳይሞቅ ፈሳሽ ይሆናል። ፓውል ዋልደን የተባለው ኬሚስት በ1914 በ12 ዲግሪ የሚቀልጥ እንዲህ ያለ ጨው መኖሩን አሳውቆ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ዘመን ትኩረት የሰጠው ሰው አልነበረም።

ከእነዚህ ፈሳሾች አንዳንዶቹ ከውሃ ጋር አይቀላቀሉም፤ ዘይት በውሃ ላይ እንደሚሆነው ለብቻቸው ይቆማሉ። ፓላዲየም በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ አራት ክሎሪኖችን አቅፎ ኔጋቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ፎስፎረስ ያለበት ትልቅ ፖዚቲቭ አዮን የያዘ አዮኒክ ሊኩዊድ ከዚህ ፈሳሽ ጋር ሲናወጥ፥ የራሱን ክሎራይድ ለውሃው ይሰጥና ፓላዲየሙን ወደ ራሱ ይወስዳል። በኋላም በአሞኒያ ወይም ታዮዩሪያ በተባለው ነገር ታጥቦ ፓላዲየሙን ሲመልስ፥ ፈሳሹ ለሌላ ጊዜ ያገለግላል። እንደ ቤንዚን በቶሎ አይተንም፤ በቀላሉም እሳት አይዘውም። ነውርም አለው፤ ዋጋው ውድ ነው፥ አንዳንዱ እንደ ማር የወፈረ ነው፥ ወደ ወንዝ ቢገባም በውሃ ውስጥ ያሉትን ፍጥረታት የሚጎዳ አለ። ከሁሉም ያስገረመን ሮድየም ነው፤ በዚህ ዘዴ በቀላሉ አይወጣም፤ ሌሎቹ ሲወሰዱ ብዙ ጊዜ በውሃው ውስጥ ይቀራል። ከ200 ዓመት በኋላም ከተረፈው ፈሳሽ ውስጥ የሚፈለገው እርሱ ነው።

ወደ ዎላስተን እንመለስ። ገንዘብ ያስገኘለት ፓላዲየም ሳይሆን ፕላቲነም ነው። የማይቀልጠውን ማዕድን ሳያቀልጥ የሚያያይዝበትን ዘዴ አገኘ። ሰፍነግ የመሰለውን ፕላቲነም በእንጨት ዕቃ በእንጨት መውቀጫ በቀስታ ይፈጨዋል፤ በጠንካራ ነገር ቢፈጭ የዱቄቱ ፊት ስለሚለሰልስ እርስ በርሱ አይያዝም። ከዚያም ዱቄቱን በውሃ አጥቦ፥ እርጥቡን በናስ ቀፎ ውስጥ ከትቶ በብርቱ መጫኛ ይጨምቀዋል፤ አድርቆም በእሳት ካጋለ በኋላ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል። እንዲህ ተደርጎ የተገኘው ፕላቲነም እንደ ወርቅ ይሳባል፤ በቀጭኑም ይዘረጋል። ከእርሱ በኋላ እስከ 1820 ገደማ ድረስ ከ40,000 አውንስ በላይ ጥሬ ፕላቲነም በእጁ አለፈ። ጠመንጃ ሠሪዎች ባሩዱ የሚቀጣጠልበትን ቀዳዳ በእርሱ ያበጁ ነበር፤ ሰልፈሪክ አሲድ የሚያፈሉ ፋብሪካዎችም አሲዱ የማይበላቸው የፕላቲነም ጋኖች ከእርሱ ይገዙ ነበር። በዚህም ሀብታም ሆነ። የፓላዲየሙን ነገር ካነሣን ግን አብዛኛው ገዢ አላገኘም፤ ለምን እንደሚጠቅም የሚያውቅ አልነበረምና።

ስለ ሌሎች ሥራዎቹ ለመናገር ቦታው አይበቃንም። በ1802 በፀሐይ ብርሃን ኅብረ ቀለማት መካከል ጥቁር መስመሮች መኖራቸውን በመጀመሪያ ያየ እርሱ ነው፤ ሠዓሊዎች የፊታቸውን ገጽታ በወረቀት ላይ እያዩ እንዲስሉ የሚረዳውንም ካሜራ ሉሲዳ የተባለ መሣሪያ ፈለሰፈ። ከ1804 እስከ 1816 የሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ ነበር። ሚስት አላገባም። ወደ ሥራ ክፍሉ ሰው ማስገባት አይወድም ነበር፤ አንድ የውጭ አገር ሊቅ ላቦራቶሪውን ለማየት ቢለምነው፥ ዎላስተን ጥቂት የሰዓት መስተዋቶች፥ ትንሽ ሚዛንና እሳት መንፊያ ቧንቧ የያዘ የሻይ ትሪ አስመጥቶ አሳየው ይባላል። ከጤፍ ፍሬ በማይበልጥ ነገር ላይ ሙከራ ማድረግ የሚችል ሰው ነበርና ነገሩ ፌዝ ብቻ አልነበረም። ዕቃ ስለ ጎደለ የኬሚስትሪ ሙከራ አይሠራም የምንል ተማሪዎች ይህን ትሪ ብናስብ ደግ ነው።

አንድ ቀን ዎላስተን የሚያየው ነገር ሁሉ በግማሽ ተሰወረበት፤ የአንድን ሰው ስም በሰሌዳ ላይ ሲያነብ የመጀመሪያዎቹ ፊደላት አልታዩትም። ሐኪም ስለ ነበር አልደነገጠም፤ የራሱን ዓይን መርምሮ፥ ከሁለቱ ዓይኖች የሚነሡት ነርቮች ወደ አንጎል ሲሄዱ ከፊላቸው እንደሚሻገሩ በ1824 ጻፈ። የዓይኑ ነገር ከአንጎሉ ሕመም የመጣ ነበር። በ1828 በጠና ታመመ፤ የግራ ጎኑም ሰነፈ። ቀኑ እንደ ደረሰ ባወቀ ጊዜ ጸሐፊ አስቀምጦ የሥራውን ምሥጢር ሁሉ ማስጻፍ ጀመረ። ከ20 ዓመት በላይ ደብቆ የያዘው የፕላቲነም አሠራር በዚያው ዓመት በኖቬምበር 20 ቀን በሮያል ሶሳይቲ ጉባኤ ተነበበ። ለዚህም ማኅበሩ ሮያል የተባለውን ሜዳይ ሸለመው። ለሮያል ሶሳይቲ 2000 ፓውንድ፥ ለጂኦሎጂ ማኅበርም 1000 ፓውንድ ለምርምር ሥራ እንዲውል ሰጠ። ከጂኦሎጂ ማኅበሩ በስሙ የሚሰጠው ሜዳይ በ1831 ለመጀመሪያ ጊዜ ለዊልያም ስሚዝ ተሰጠ፤ ዛሬም የሚሠራው ከፓላዲየም ነው።

በመጨረሻው ሰዓት በአልጋው ዙሪያ የነበሩ ወዳጆቹ ልቡ ጠፍቷል እያሉ ሲነጋገሩ ሰማ ይባላል። መናገር ስለ ተሳነው እርሳስና ወረቀት እንዲሰጡት በእጁ አመለከተ፤ ብዙ ቍጥሮች ከላይ ወደ ታች ጻፈ፥ በትክክልም ደምሮ መለሰላቸው። ዲሴምበር 22 ቀን 1828 ዓ.ም. በ62 ዓመቱ ዐረፈ። በኬንት አውራጃ በቺዝልኸርስት ተቀበረ። ሬሳው ሲመረመር በአንጎሉ ውስጥ ትልቅ ዕጢ ተገኘ።

ታሪኩን እጽፋለሁ ብሎ የሥራ ደብተሮቹን የወሰደው ወዳጁ ሳይጽፍ ቀረ፤ ደብተሮቹም ከመቶ ዓመት በላይ ጠፍተው ነበር። በሃያኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በማዕድናት ጥናት ክፍል ውስጥ ተገኙ። ለሱቁ ያልተናገረው፥ ለማኅበሩም ያዘገየው ነገር ሁሉ፥ የአሲዱ መጠን፥ የፕላቲነሙ ሽያጭ፥ ከእያንዳንዱ ማሰሮ ፈሳሽ የወጣው ፓላዲየምና ሮድየም ክብደት ሳይቀር፥ በእጁ ጽሕፈት ተመዝግቦ ይገኛል።